ስሙ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ፦ ብር ስለሚመስሉ የቤት ዕቃዎቻችን

(በሬዲዮ ከቀረበ ዝግጅት ለኅትመት የተሰናዳ)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም



ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን ከሰንጋ ተራ የተላከልን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ እህታችን፣ ቤተሰቡ ከቆየበት ቤት ለቅቆ ሊወጣ ዕቃ ሲሰበስብ ከአያታቸው ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ማንቆርቆሪያ እንዳገኙ ይነግሩናል። መልኩ ብር ይመስላል፤ ግን እንደ ብር አያብረቀርቅም፣ ወደ ግራጫ ያደላል። ሲያነሡት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ከሥሩ ማንም ሊያነበው ያልቻለ ትንሽ ማኅተም አለበት። ብር ከሆነ መጠጫ ማድረጉ በሸሪዓ እንደማይፈቀድ ያውቃሉ። ብር ካልሆነና ቆርቆሮ ከሆነ ግን በረመዳን ለኢፍጣር አብሽ ቢቀዳበት፣ ለውዱእም ውኃ ቢያዝበት ምን አለበት? ይላሉ።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ሰንጋ ተራን ቀድሞ ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በንግድ ሥራ ኮሌጁና በቆርቆሮ ክዳን ቤቶቹ ይታወቅ የነበረው ሰፈር ዛሬ የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች፣ የ40/60 የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎችም የቆሙበት ሆኗል። ቤት ሲፈርስ ሣጥን ይከፈታል። ሣጥን ሲከፈት ደግሞ ከሐጅ የመጣ፣ ከጂዳ ወይም ከቤሩት የተላከ፣ ከጣሊያን ዘመን የቀረ፣ ለሠርግ በስጦታ የተገኘ ዕቃ ይወጣል። ገሚሱ ለቆራሌው ይሸጣል፤ ገሚሱ ወደ አዲሱ ቤት መደርደሪያ ይሄዳል። የትኛው ወዴት መሄድ እንዳለበት ለመለየት ዕቃው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ግድ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ታዲያ የስም ችግር ነው። በአማርኛችን «ቆርቆሮ» የማንለው ነገር የለም። የጣሪያ ክዳን ቆርቆሮ ነው። የወተት ዱቄትና የቲማቲም ድልህ የሚታሸግበት ጣሳ ቆርቆሮ ነው። እናቶቻችን ያሳደጉን አበባ የተሣለበት ሳህንም «የቆርቆሮ ሳህን» ይባላል። ሦስቱም ሲመረመሩ ግን በዋናነት ብረት ናቸው። ክዳኑ እንዳይዝግ የተለበጠው ዚንክ በሚባል ማዕድን ነው። ሳህኑን የሸፈነው ኤናሜል ነው፤ ይኸውም ከብርጭቆ ጋር የሚዛመድ፣ በእሳት ቀልጦ ብረቱ ላይ የሚጣበቅ ልባስ ነው። እውነተኛው ቆርቆሮ፣ ዐረቦች ቀስዲር የሚሉት፣ የሚገኘው በጣሳው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከወረቀት እጅግ የሳሳ ሽፋን ሆኖ ነው።

«እርሳስ»ም እንዲሁ ያደናግራል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን የለም። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው፤ የከሰል ዘመድ ማለት ነው። በአንጻሩ እርሳስ አለበት ብሎ ማንም የማይጠረጥረው፣ በክብር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ እውነተኛውን እርሳስ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። የዛሬው ንግግራችን ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

እውነተኛው ቆርቆሮ ነጭና ለስላሳ ማዕድን ነው። በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ብር ለመቅለጥ 962፣ መዳብ ደግሞ 1,085 ዲግሪ እንደሚፈልጉ ስናስብ ቆርቆሮ ምን ያህል ለእሳት እጁን ቶሎ እንደሚሰጥ እንረዳለን፤ በከሰል ምድጃ ላይ በብረት ጭልፋ ይቀልጣል። አየርና እርጥበት ቶሎ አይጎዱትም። ንጹሕ የቆርቆሮ ዘንግ በእጅ ሲታጠፍ ደግሞ እንደ ደረቅ ጭራሮ የሚንጣጣ ድምፅ ያሰማል፤ የዘርፉ ሰዎች «የቆርቆሮ ጩኸት» ይሉታል። ለብቻው ዕቃ ለመሆን ግን በጣም ስለሚለሰልስ ከጥንት ጀምሮ ከሌላ ማዕድን ጋር እየተቀላቀለ ነው ሲሠራበት የኖረው።

መዳቡ በዝቶ ከ100 እጅ 10 እጅ ገደማ ቆርቆሮ ሲገባበት ጠንካራው ነሐስ ይገኛል። በተቃራኒው ቆርቆሮው በዝቶ ጥቂት መዳብ፣ አንቲሞኒ ወይም እርሳስ ሲጨመርበት የሚወጣው ብር መሳይ ቅይጥ ፒውተር ይባላል። በአማርኛ የራሱ ስም ያልወጣለት በአገራችን የሚሠራበት ባለሙያ ባለመለመዱ ይመስለናል። እኛ ዘንድ ለውኃ ሸክላና ቅል፣ ለቡና ጀበና፣ ለጌጥ ብር ነበረ። ፒውተር ወደ ቤታችን የገባው በእንግድነት ነው። የእህታችንን ማንቆርቆሪያ በዓይናችን ሳናይ መፍረድ ባንችልም፣ ግራጫ መልኩ፣ ክብደቱና ከሥሩ ያለው ማኅተም ወደ ፒውተር ያመላክታሉ።

ፒውተር ጥንታዊ ነው። በግብፅ አቢዶስ ከተገኘ መቃብር የወጣው ዕቃ ከዛሬ 3,400 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ እንደሆነ ይገመታል። ሮማውያንም ሠርተውበታል። እጅግ የበዛው ግን በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነው። ብር የመግዛት አቅም የሌለው፣ በእንጨት ገበታ መብላት ግን ያሳፈረው ቤተሰብ ሳህኑን፣ ማንኪያውን፣ ኩባያውን፣ ማንቆርቆሪያውንና የሻማ ማስቀመጫውን ከፒውተር አሠራ። ምጣድና ድስት ግን አላሠራበትም፤ እሳት ላይ ቢጣድ ይቀልጣላ! የለንደን ፒውተር ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1348 ደንብ አውጥቶ ነበር። በደንቡ መሠረት ከፍተኛው ደረጃ ከቆርቆሮና ከመዳብ ብቻ ይሠራ ነበር፤ ለዝቅተኛው ደግሞ በመጠን የተወሰነ እርሳስ መቀላቀል ተፈቅዶ ነበር። ከጊዜ በኋላም ሠሪው ከዕቃው ላይ መለያ ማኅተሙን እንዲያሳርፍ ተደረገ። ይህ ሁሉ ቁጥጥር የገዢው ገንዘብ እንዳይበላ እንጂ ጤናው እንዳይጎዳ ታስቦ አልነበረም። ስለዚህ አሮጌ ማኅተም ያለበት ዕቃ «የተመሰከረለት ነው» ብሎ መጽናናት አይገባም።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሸክላውና ብርጭቆው እየረከሰ ሲመጣ ፒውተር ከማዕድ ወርዶ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሙያው ዛሬም በጥሩ ሁኔታ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ማሌዥያ ናት። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለብዙ ዓመታት ከዓለም ብዙ ቆርቆሮ የምታወጣ አገር እርሷ ነበረች። ከቻይና የመጣ ዮንግ ኩን የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1885 በኩዋላ ሉምፑር የጀመረው ሥራ ዛሬ ሮያል ሰላንጎር የሚባል ታዋቂ ድርጅት ሆኗል። ለትምህርት ወይም ለንግድ ማሌዥያ ደርሰው የተመለሱ ወንድሞች ይዘውት የሚመጡት የሚያምር ኩባያ ምናልባት ከዚያ የተሠራ ነው። የዛሬው ደግ ፒውተር ከ90 በመቶ በላይ ቆርቆሮ ሆኖ የቀረው አንቲሞኒና መዳብ ነው፤ እርሳስ አይገባበትም። ስለዚህ ፒውተር ሁሉ መርዝ ነው ማለታችን አይደለም። አሮጌውና ምንጩ ያልታወቀው ነው የሚያሰጋን።

እርሳስ ለምን ይቀላቀላል? ርካሽ ስለሆነ ነው። ደግሞም ሥራ ያቀላል። ከ100 እጅ 62 ያህሉን ቆርቆሮ፣ የቀረውን እርሳስ ያደረጉ እንደሆነ ቅይጡ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከሁለቱም ማዕድናት መቅለጫ ያነሰ ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ ለማያያዝ ሲጠቀሙበት የኖሩት ቀጭን ገመድ መሳይ ነገር ይኸው ቅይጥ ነው፤ እነርሱማ በግልጽ «እርሳስ» ይሉታል። ቅልጡ እንደ ውኃ ቅርጹ ውስጥ ይገባል፣ ወጪው ይቀንሳል፣ ዕቃው ከበድ ይላል። ገዢ ደግሞ ክብደትን የጥራት ምልክት አድርጎ ያያል። እርሳስ ከቆርቆሮ በጣም የከበደ መሆኑን አስተውሉ፤ ዕቃው «ደህና ክብደት አለው» ብለን የምንመርቀው እርሳስ ስላለበት ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። እርሳስ በሰውነት ውስጥ አንድም ጥቅም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን አልታወቀም። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ከትልልቆች ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ በምግባቸው ብረትና ካልሲየም ያነሰባቸው ደግሞ የበለጠ ይወስዳሉ። የሚጎዳው አእምሮን ነው። ትምህርት አልገባው ያለ፣ መቀመጥ ያቃተው፣ የደከመ ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ሲገሠጽ መንስኤው ደሙ ውስጥ ያለ እርሳስ ሊሆን ይችላል። እናትየዋ በልጅነቷ የወሰደችው እርሳስ በአጥንቷ ውስጥ ተቀምጦ ይቆይና ስታረግዝ ወደ ደሟ ተመልሶ ወደ ፅንሱ ያልፋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ካሉ ሦስት ሕፃናት አንዱ፣ በቁጥር እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱት፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደማቸው ውስጥ 5 ማይክሮ ግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳላቸው ገምቷል። አብዛኞቹም በድሃ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ከዕቃው ወደ መጠጡ የሚያሻግረው ደግሞ ኮምጣጣነት ነው። ንጹሕ ውኃ ለአጭር ጊዜ ቢያዝበት የሚሟሟው ጥቂት ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ እርጎ፣ የእንጀራ እርሾ ግን እርሳስን ከቅይጡ ይፈለቅቁታል፤ ጊዜ በረዘመ ቁጥርም ይብሳል። አሁን ወደ እህታችን አብሽ እንመለስ። የተመታ አብሽ ሎሚ ተጨምቆበት ከዐስር ሶላት በፊት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቢገባና አዛን እስኪል ቢቆይ፣ ቀኑን ሙሉ ባዶ በነበረ ሆድ የሚገባው የመጀመሪያው ጉንጭ ምን ይዞ እንደሚሄድ አስቡት። ጣዕሙ አይነግራችሁም። እንዲያውም እርሳስ ሲሟሟ መራራ ሳይሆን ጣፋጭነት ነው ያለው።

የሸሪዓውን በኩል ካየን፣ በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣት የተከለከለ መሆኑ ኢማም ቡኻሪና ኢማም ሙስሊም በዘገቧቸው ሐዲሶች ተረጋግጧል። ከሁለቱ ውጭ ያሉት ማዕድናት በመሠረቱ የተፈቀዱ ናቸው። ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በነሐስ ዕቃ በቀረበላቸው ውኃ ውዱእ አድርገዋል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ፒውተር ከሆነ ብር መምሰሉ ብቻ አይከለክለውም። የተፈቀደ መሆኑ ግን የማይጎዳ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም በሃይማኖታችን ቦታ እንደሌለው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ውዱእን በተመለከተ እርሳስ በቆዳ በኩል እምብዛም አይገባም፤ ዳሩ ግን ውዱእ አፍን መጉመጥመጥ አለበት፣ ልጆችም ከውዱእ ዕቃ ውኃ ይጠጣሉ። በጥቂት ብር የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ማግኘት እየተቻለ በዚህ መድከም አያስፈልግም።

ቆርቆሮ በእስላማዊው ዓለም ኩሽና ውስጥ ትልቅ ባለውለታ እንደነበር መዘንጋት የለብንም። በካይሮ፣ በደማስቆ፣ በኢስታንቡል የሚበስለው በመዳብ ድስት ነበር። መዳብ ሙቀትን እኩል ያዳርሳል፤ ኮምጣጣ ምግብ ሲያገኘው ግን አረንጓዴ ዝገት ያወጣና ሆድ ያውካል። መላው የድስቱን ውስጥ በቆርቆሮ መለበጥ ነበር። ሙያተኛው ድስቱን በአሸዋ ፍቆ ያጸዳል፤ እሳት ላይ አሙቆ ኑሻድር የሚባለውን ጨው ይነሰንስበታል፤ ከዚያ የቆርቆሮ ቁራጭ አስነክቶ እንደቀለጠ በጥጥ ያዳርሰዋል። ቀዩ ድስት በአፍታ ነጭ ይሆናል፤ ግብፃውያን ባለሙያውን «መዳብ አንጪ» የሚሉት ለዚህ ነው። ልባሱ በመፋቅ ስለሚያልቅ በየጊዜው ይታደሳል። ዛሬም ከዐረብ አገር የመጣ ውስጡ ነጭ፣ ውጭው ቀይ ወይም ቢጫ የሆነ የቡና ማፍያ ቤታችሁ ካለ ውስጡን ተመልከቱ። ነጩ ተልጦ ቀዩ ከታየ ጊዜው አልፎበታል። ቆርቆሮውን በእርሳስ እያቀጠነ የሚለብጥ አጭበርባሪም በየዘመኑ አልጠፋም። ገበያን የሚቆጣጠረው ሙሕተሲብ የነሐስና የመዳብ ሠሪዎችንም ሥራ ይከታተል የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ሊቃውንቶቻችን ከዚህም አልፈው ሄደዋል። አል-ቢሩኒ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወርቅን፣ የብርን፣ የመዳብን፣ የእርሳስን፣ የቆርቆሮንና የሌሎችንም ማዕድናት ክብደት ከመጠናቸው ጋር እያነጻጸሩ ለክተዋል። በመርቭ ይኖሩ የነበሩት አል-ኻዚኒ ደግሞ በ515 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. 1121) «ሚዛኑል ሒክማ» የሚባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። መጽሐፉ ዕቃን በአየርና በውኃ ውስጥ በመመዘን ቅይጡን የሚለይ ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። ዕቃውን መስበርም ማቅለጥም አያስፈልግም። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ዕቃዎች እርሳስ ያለበት ይከብዳል።

ይህን ዘዴ ዛሬ በኩሽና ሚዛን መሞከር ይቻላል። በመጀመሪያ ዕቃውን በግራም መዝኑና ጻፉት። ቀጥሎ ውኃ የያዘ ባልዲ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱት። ዕቃውን በክር አንጠልጥላችሁ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት፤ ታቹንና ጎኑን ግን አይንካ። አሁን የሚታየው ቁጥር የዕቃውን መጠን ይነግራችኋል። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍሉት። ለምሳሌ 850 ግራም የሚመዝነው ዕቃ ውኃ ውስጥ 100 ቢያሳይ ውጤቱ 8.5 ነው። ንጹሕ ቆርቆሮና የዛሬው ደግ ፒውተር 7.3 አካባቢ ይመጣሉ። አንድ አምስተኛው እርሳስ የሆነ ወደ 7.9 ይጠጋል፤ ከ100 እጅ 40ው እርሳስ የሆነ ደግሞ ከላይ ያልነውን 8.5 ይሰጣል። አልሙኒየም 2.7፣ ብር 10.5፣ እርሳስ ብቻውን 11.3 ነው። ማንቆርቆሪያ ሲሆን ክዳኑ ከፍቶ፣ ጡቱና ጆሮው አየር እንዳይዝ እያጋደሉ ማስጠም ያስፈልጋል፤ አየር ከቀረበት ውጤቱ ዝቅ ብሎ ያታልላል። የማይዝገው ብረት ከ7.9 ብዙም ስለማይርቅ ከፒውተር ጋር እንዳይምታታ ከሥሩ በምስማር ጫር አድርጉት፤ ፒውተር በቀላሉ ይጫራል፣ የማይዝገው ብረት ግን እምቢ ይላል። እርሳስ የበዛበት ዕቃ ነጭ ወረቀት ላይ ሲታሸትም ግራጫ መስመር ይተዋል።

ይህ ሙከራ ብዙ እርሳስ ያለበትን ያጋልጣል፤ ጥቂት ያለበትን ግን ነጻ ነው ብሎ ሊመሰክርለት አይችልም። ከ100 እጅ 5 እጅ እርሳስ ቢኖር ውጤቱ ከ7.3 ወደ 7.4 ብቻ ነው የሚነሣው፤ የኩሽና ሚዛን ይህን ላይለየው ይችላል፤ ለሕፃን ግን 5 እጅም ቢሆን ብዙ ነው። ስለዚህ የሙከራው ጥቅም «ይጣል» ለማለት እንጂ «ይጠጣበት» ለማለት አይደለም።

በፒውተር ቅይጥ ውስጥ የጠቀስነው አንቲሞኒ ደግሞ ወደ ሌላ ጉዳይ ይወስደናል፤ እናቶችም ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን። አንቲሞኒ የሚወጣበት ጥቁር ድንጋይ በሐዲስ የተወደሰው ኢስሚድ፣ ማለትም የዓይን ኩል ነው። ነገር ግን በመካከለኛው ምሥራቅ ገበያዎች በኩል ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ብዙው «ኩል» ኢስሚድ ሳይሆን ጋሌና ሆኖ ተገኝቷል፤ ጋሌና ደግሞ እርሳስ የሚወጣበት ድንጋይ ነው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም የሚያብረቀርቁ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ትልቅ ሰው በተኳለው ላይ ሕፃኑ ይጨመርበታል፤ ሕፃኑ ዓይኑን ያሻል፣ ጣቱን ይጠባል። ሱንናው የተነገረው ስለ ኢስሚድ ነው። በኢስሚድ ስም የሚሸጥ እርሳስ ሱንና አይሆንም። ማሸጊያው ምን እንደያዘ የማይናገር ኩል ቢያንስ ከጨቅላ ዓይን ይራቅ።

ከፒውተሩ ይልቅ በየቀኑ የምንገናኘው ግን ድስት ነው። በብዙ የአፍሪካና የእስያ ከተሞች ከውዳቂ አልሙኒየም እየቀለጠ የሚወጣ ድስት አለ። ውዳቂው የሞተር ክፍል ይሁን፣ የራዲያተር ቁራጭ ይሁን፣ ብየዳ ያለበት ይሁን ማንም አይለየውም። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን እንዲህ ባሉ ድስቶች ላይ የተደረገ ጥናት ኮምጣጣ ነገር ሲፈላባቸው እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የታተመ ጥናት ደግሞ ከአፍጋኒስታን የመጡ ስደተኛ ቤተሰቦች ይዘዋቸው በመጡት የአልሙኒየም ድስቶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ከጦርነት አውጥተው ያሻገሩ ናቸው፤ ድስቱን ማን ይጠረጥራል? እኛም ስንገዛ ፊቱ የሻከረ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ድስት የውዳቂ ቅልጥ መሆኑን እንወቅ። የምስርና የሽሮ ቲማቲም የሚቁላላበትን ከማይዝግ ብረት ማድረግ ይሻላል፤ የሸክላ ድስታችንም ያለ ቀለምና ያለ ልባስ የተሠራ ከሆነ አላሳፈረንም።

ስለ ጌጥም አንድ ነገር እንጨምር፤ ደብዳቤው ባይጠይቅም የሣጥኑ ነገር ያነሣዋል። አያቶቻችን ጌጣቸውን ያሠሩት ብዙውን ጊዜ ጠገራ ብር እያቀለጡ ነው። ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከ100 እጅ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ይኸውም 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። የብር ኒሳብ 595 ግራም ተብሎ በሚሰላበት አቆጣጠር 26 ጠገራ ያለው ሰው ኒሳቡን አልፏል። የሚደረግ ጌጥ ዘካ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው መዝሀቦች የተለያዩበት ስለሆነ ዑለማእን መጠየቅ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት ጌጡ ብር መሆኑ ይረጋገጥ። ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ ብር መሳይ ጌጥ የብር ዘካ አይወጣበትም፤ በብር ዋጋ መሸጡም ማታለል ነው። የውኃው ሚዛን እዚህ ላይ ጥሩ ዳኛ ነው፦ የጠገራ ብር ቅልጥ 10.2 አካባቢ ሲመጣ የቆርቆሮው 8 እንኳ ላይደርስ ይችላል። ብር መሳይ ርካሽ ሐብልና ቀለበት ሕፃን አፍ ውስጥ እንዳይገባም ተጠንቀቁ፤ ከእርሳስ ቅይጥ የተሠሩ ብዙ ናቸው።

ለእህታችን የምንሰጠው ምላሽ እንግዲህ ይህ ነው። ማንቆርቆሪያውን አይጣሉት፤ የአያት ዕቃ ነው። በጨርቅ ጠርገው ልጆች ከማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። መጠጥ፣ ምግብ፣ ቅመም አይግባበት። ለማንጻት ብለው በሎሚና በአሸዋ አይፈትጉት፤ የሚወጣው ጥቁር እድፍ እርሳሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ምድጃ ላይ አይጣዱት። ቤተሰቡ እስካሁን ሲጠጣበት ከነበረና ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ለሐኪም ይናገሩ፤ ሐኪሙ ካልተነገረው እርሳስን አያስብም።

መሸጥ ከፈለጉም ለቆራሌው «ቆርቆሮ ነው» ብለው አይስጡት። ከቆራሌው ወደ ምናለሽ ተራ፣ ከምናለሽ ተራ ወደ አቅላጩ የሚሄደው ብረታ ብረት ተመልሶ ወደ ሌላ ሰው ቤት ዕቃ ሆኖ ይገባል። «እርሳስ ያለበት ይመስለኛል፣ ከድስት ቅልጥ ጋር እንዳይገባ» ብለው ይንገሩት። ዋጋው ጥቂት ሊቀንስ ይችላል።